ደብል ቤዝ ይመታል፣ ይደረደራል ወይስ ይጫወታል?

ጥያቄ፦ «ለፊልሞች የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። ሰሞኑን በሠራሁት ፊልም ላይ አንድ ሰው ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ ይዞ ይታያል። ‹ትልቅ ቫዮሊን ይመታል› ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ‹ቼሎ ነው› አለችኝ። ሌላው ደግሞ ‹ድርብ ቤዝ ይደረድራል በል› አለኝ። የቱ ነው ትክክል?»

መልስ፦ ከሰውየው ቁመት የሚበልጥ ከሆነ ደብል ቤዝ ነው። እንደዚሁ ብለው ይጻፉት። ግሱ ግን የሰውየውን እጅ ሳያዩ አይመረጥም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። «ድርብ ቤዝ» አይመቸኝም። ድርብ ሲባል አንባቢ የሚያስበው ሁለት የተደረቡ ነገሮችን ነው። መሣሪያው ግን አንድ ነው። በድሮው ኦርኬስትራ ቼሎው የሚጫወተውን አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ዝቅ አድርጎ ይደግም ነበር፤ «ደብል» የሚለው ቃል ከዚህ ጋር ይያያዛል። ይህን ሁሉ «ድርብ» በሚል ቃል ማስተላለፍ አይቻልም። «ደብል ባስ» የሚሉም አሉ። እኛ ከተማ ባስ አውቶቡስ ነው፤ ሸገር ባስ እያልን «ሰውየው ባስ ይዞ ገባ» ብለን መጻፍ አንችልም። «ኮንትራባስ» ስህተት የለበትም። ሆኖም ሙዚቀኞቻችን በየቀኑ የሚሉት ቤዝ ነው፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

ከቼሎ ጋር መምታታቱ የብዙ ሰው ችግር ነው። ቼሎ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መሀል ይይዘዋል። ደብል ቤዝ 180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ተጫዋቹ ይቆማል፤ አለዚያም ረጅም በርጩማ ላይ ይደገፋል። ምስሉ ከደረት በላይ ብቻ ከሆነስ? የመሣሪያውን ትከሻ ይዩ። የቼሎ ትከሻ ክብ ነው፤ የአብዛኞቹ ቤዞች ትከሻ ግን ወደ አንገቱ ሾጠጥ ይላል። መቃኛውም ይለያል። የቼሎው የእንጨት ነው፤ ቤዙ ላይ ጥርስ ያለው ብረት ያያሉ።

ለመልመጃ «ግሪን ቡክ»ን እመክራለሁ፤ የ2018 ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የፒያኖ ተጫዋቹ የዶን ሸርሊ ቡድን ፒያኖ፣ ቼሎና ቤዝ ነው። ኦሌግ ቼሎውን፣ ጆርጅ ቤዙን ይዘው አንድ መድረክ ላይ ይታያሉ። አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። አልፍሬድ ሂችኮክም በራሱ ፊልሞች ውስጥ ብቅ እያለ ይታይ ነበር። በ1947ቱ «ዘ ፓራዲን ኬዝ» ቼሎ ተሸክሞ ያልፋል። በ1951ዱ «ስትሬንጀርስ ኦን ኤ ትሬን» ደግሞ ደብል ቤዝ ይዞ ባቡር ላይ ይወጣል። ሁለቱንም ትዕይንት «ቫዮሊን ይዞ» ብለው ቢጽፉ ተመልካቹ ዓይኑንም ጽሑፍዎንም ይጠራጠራል።

አንዳንዴ ታሪኩ ራሱ በመሣሪያው ላይ ይቆማል። በ1959ኙ «ሰም ላይክ ኢት ሆት» ጃክ ሌመን ቤዝ ተጫዋች ነው። ከጓደኛው ጋር በ1929 ቺካጎ ውስጥ ግድያ ያያሉ፤ ሴት መስለው ከሴቶች ባንድ ጋር ይሸሻሉ። ወንበዴዎቹ ኋላ ላይ የሚነቁባቸው ቤዙ ላይ ባለው የጥይት ቀዳዳ ነው። ይህ ፊልም ለአማርኛ ተርጓሚ ሌላም ፈተና አለው። እንግሊዝኛው ወንዱንም ሴቷንም «ዩ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። እኛ ግን የባንዱ ሴቶች ቤዝ ተጫዋቿን «አንቺ» ሲሏት፣ ጓደኛው ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ» እንዲለው ማድረግ አለብን። ጥሩ ተርጓሚ እዚህ ላይ ከዋናው የበለጠ ሊያስቅ ይችላል።

አሁን ወደ ግሱ። አማርኛ የሙዚቃ መሣሪያን ሁሉ በአንድ ግስ አይጠራም። እጅና አፍ የሚሠሩትን አይቶ ነው የሚናገረው። ዋሽንት ይነፋል። ከበሮ ይመታል። በገና ይደረደራል። ክራር ድርድርም ግርፍም አለው። መሰንቆ ይመታል፤ ሞቅ ሲል ደግሞ ይገዘገዛል። «መጫወት» ሁሉንም ይሸፍናል፤ እጁን ግን አያሳይም። የቋንቋችን ሀብት እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ በቀላሉ እንዲጣል አልፈልግም።

ደብል ቤዝ በሁለት መንገድ፣ በደጋንም በጣትም፣ ይጫወቱታል። በኦርኬስትራ በብዛት በደጋን ነው። ደጋን የሚለውን ቃል ከመሰንቆ እናውቀዋለን፤ «በደጋን ሲጫወት» ቢሉ ማንም ይገባዋል። በጃዝ ግን ቀኝ እጁ አውታሩን በጣት ይስባል። ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ ይሰጣል። ግራ እጁን ደግሞ ልብ ብለው ይዩ። እዚያው አውታር ላይ ድምፁ ሲቀጥን እጁ ወደ መሣሪያው ሆድ ይወርዳል፤ ሲወፍር ወደ ላይ ይመለሳል። በአንድ አውታር ላይ ድምፁ ብዙ ሲወጣና ሲወርድ እጁ አንድ ቦታ ከተተከለ ተዋናዩ እያስመሰለ ነው። «ሶል» በተባለው የ2020 የካርቱን ፊልም ከሳክስፎን ተጫዋቿ ከዶሮቲያ ዊሊያምስ ጋር የምትሠራውን፣ ሚሆ የተባለችውን ቤዝ ተጫዋች ይዩ። ለእሷ «በጣቷ አውታሩን እየሳበች» ማለት ያምራል።

ሦስተኛም አለ። ቢል ብላክ በ1950ዎቹ ከኤልቪስ ፕሪስሊ ኋላ ሆኖ ሲጫወት አውታሩን ስቦ ይለቀዋል፤ አውታሩ ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። በመዳፉም ይደበድበዋል። እዚህ ላይ «ቤዙን ሲመታው» ቢባል ትክክለኛ ሥዕል ነው። በደጋን ለሚጫወት የኦርኬስትራ ሰው «ይመታል» ካልን ግን ተመልካቹ ያላየውን ነገር ነገርነው።

«መደረደር»ስ? ግሱን አልከለክልም፤ በጣት ለሚጫወት ይሄዳል። «ቤዝ ደርዳሪ» የሚለውን ስም ግን አልጠቀምበትም። ደርዳሪ ሲባል ጆሯችን በገናን ይሰማል፤ ሑዳዴና ጸሎት ይመጣሉ። ጭስ በሞላበት የምሽት ክበብ ውስጥ ለቆመ ሰው ይህ ቃል አይስማማውም። ባለሙያውን «ቤዝ ተጫዋች» ይበሉት፤ ሴት ከሆነች «ቤዝ ተጫዋቿ»።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እኛ አገር ቤዝ ብቻ ከተባለ መጀመሪያ የሚታሰበው ቤዝ ጊታር ነው። የባህል ባንዶች ደግሞ ቤዝ ክራር አላቸው። ስለዚህ መሣሪያው መጀመሪያ ሲነሳ «ደብል ቤዝ» ብለው ሙሉውን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ «ቤዙ» ይበቃል፤ የግርጌ ጽሑፍ ቦታም ይተርፍዎታል። የእርስዎ ሰውየ እጁ በምስሉ ካልታየ «ደብል ቤዝ ይጫወታል» ይበሉ፤ ደጋን ከያዘ «በደጋን»ን ይጨምሩበት።