ስናወራበት የሚጠፋው ሬዲዮ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ አዳማ ውስጥ አማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ከሌሎች ጋር በሬዲዮ መገናኘት) የምንለማመድ ተማሪዎች ነን። 100 ዋት የሚያወጣ ያገለገለ ሬዲዮ አግኝተናል። ሲያዳምጥ አሪፍ ነው። ማይኩን ተጭነን ስናወራ ግን መብራቱ ይደበዝዝና ድርግም ይላል፤ ከዚያ ራሱ ይነሳል። ያሳየነው ጠጋኝ “የማስተላለፊያ ትራንዚስተሮቹ ተቃጥለዋል” ብሎ የማይቻል ዋጋ ጠራብን። እናስቀይር?

መልስ፦ ቆዩ፣ ብሩን አታውጡ። ትራንዚስተር ሲቃጠል አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው እንደበራ ይቆያል፤ የሚያቅተው ኃይል ማውጣት ነው። ካልሆነም ፊውዝ ይበጥሳል። የእናንተው ኤሌክትሪክ የተራበ ነው የሚመስለው።

ሲያዳምጥ ከ1 እስከ 2 አምፔር ይበቃዋል። በ100 ዋት ሲያስተላልፍ ግን ወደ 20 አምፔር ይጠጋል። መስመሩ ላይ 0.1 ኦም የምታህል እንቅፋት ካለች፣ በ1 አምፔር የምትበላው 0.1 ቮልት ነው፤ ማንም ልብ አይላትም። በ20 አምፔር ግን 2 ቮልት ትበላለች። ከፓወር ሰፕላዩ (የቤቱን መብራት ለሬዲዮው ከሚቀይረው ሳጥን) 13.8 ቮልት ሆኖ የወጣው ሬዲዮው ጋ 11.8 ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ደግሞ ከ11.7 ከወረደባቸው ችግር ነው፤ እናንተ ጫፉ ላይ ናችሁ።

መጀመሪያ ኃይሉን ወደ 10 ዋት አውርዱና አውሩ። ካልጠፋ ጥርጣሬዬ ይበረታል። በኤስኤስቢ (አንዱ የድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ) ከሆነማ ቀስ ብላችሁ ስታወሩ ይሠራል፣ ስትጮኹ ይጠፋል፤ ኃይሉ የሚወጣው በድምፃችሁ ልክ ስለሆነ።

ከዚያ አንቴናውን ነቅላችሁ በቦታው ዱሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚውጥ፣ የአንቴና ምትክ) ግጠሙ። በኤፍኤም ወይም በሲደብሊው (የሞርስ ኮድ መላኪያ)፣ በሙሉ ኃይል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ተጫኑ። አንዳችሁ በቴስተር መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ቀጥሎ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ይለካ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ራሱ ከወረደ አቅም የለውም፤ መለወጥ ነው። እዚያ 13.8 ሆኖ ሬዲዮው ጋ ከወረደ ግን ሌባው መሃል ላይ ነው። ቀጭን ኬብል፣ የላላ ብሎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፊውዝ ማስቀመጫው። በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ አገኛችሁት። የአዳማ ሙቀትና አቧራ እሱን አይምረውም። በነገራችን ላይ፣ ያገለገለ ዕቃ ነውና ፊውዙ ላይ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ እንዳይሆን እዩት! ይህን የሚያደርግ ሰው ቤት ለማቃጠል ነው የሚሠራው።

በዱሚ ሎድ ደህና ሆኖ በአንቴና ብቻ ከጠፋስ? ያኔ ጉዳዩ ሌላ ነው። የሚተላለፈው ሞገድ በኬብሉ በኩል ተመልሶ ሬዲዮውን እየረበሸው ነው። የአንቴናውን መጋጠሚያ ፈትሹ፤ ነፋሱ ሲያወዛውዘው የብየዳው ሽቦ ይላላል።

ጥያቄ፦ አጭር ሞገድ ማታ ማታ እሰማለሁ። ከመሸ በኋላ ግን “ዥዥዥ” የሚል ድምፅ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ሬዲዮዬ አርጅቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም አባቴ። ሬዲዮዎን በድንጋይ ያብሩትና የቤቱን ቆጣሪ ያጥፉ። ዝም ካለ ጥፋቱ ከቤትዎ ነው። ቆጣሪውን መልሰው አምፖሉን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ ቴሌቪዥኑን አንድ በአንድ ያብሩ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ርካሹን የኤልኢዲ አምፖል ነው። ቆጣሪው ጠፍቶም ካልቆመ የጎረቤት ነው፤ ሬዲዮውን ይዘው ግቢው ውስጥ ዞር ዞር ቢሉ ድምፁ የሚበረታበትን አቅጣጫ ያገኙታል። ጎረቤትዎን ግን በሰላም ያነጋግሩ፤ አምፖሉን እርስዎ ቢገዙለትም አይከፋም።