ያልተቀበልኩት የጣት አሻራ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና ስንጠጣ አንዲት ወጣት ሐኪም «ዶክተር፣ ስለ ሴቶች መብትና ስለ ዘላቂ ልማት እንድናገር ጄኔቫ ተጋብዣለሁ። ታካሚዎቼን ትቼ መሄዴ ጥፋት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለእሷም ለእኩዮቿም ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ጊዜው ጳጉሜ 1987 ዓ.ም. ነበር። ከገጠር በቃሬዛ ያመጧት ልጅ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ዕድሜዋ ከአሥራ ሰባት አይበልጥም። የሕፃኑ ራስ ዳሌዋ ውስጥ ተቀርቅሯል። የእንጨት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ ግን ልቡ ይመታል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። የስምምነት ቅጹ ላይ ደግሞ «ባል ወይም አባት» የሚል መስመር አለ። አባቷ ሞቷል። ባሏ የባቡር ዕቃ ጫኝ ነው፤ ወደ ደወሌ ሄዷል። ጣቢያ ሰው ላክሁ፤ ባቡሩ ገና ከአይሻ አልተነሣም አሉ።

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀለም ሰሌዳ አየችና ነገሩ ገባት። አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ጣቷ በሂና ቀልቷል፤ ጥፍሯ ሥር አፈር አለ። «እኔ ልፈርም» አለችኝ በኦሮምኛ። እኔም የቀለሙን ክዳን ዘግቼ «ባልሽ ይምጣ» አልኳት። ሴት ሆኜ፣ ሐኪም ሆኜ፣ ቋንቋዋን እየሰማሁ።

በዚያች ሰዓት የነርሶቹ ሬዲዮ ስለ ቤጂንጉ የሴቶች ጉባኤ ያወራ ነበር። «ሥራ ፈቶች!» ብዬ አጠፋሁት። እዚያ የተሰበሰቡት፣ ሴት በገዛ አካሏና ጤንነቷ ላይ የመወሰን መብት እንዳላት በሰነድ እያሰፈሩ እንደነበር ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ባሏ ጎህ ሲቀድ ደርሶ ፈረመ። ያወጣነው ሕፃን አላለቀሰም። ከቀናት በኋላ አንሶላዋ ይርስ ጀመር፤ የሕፃኑ ራስ ለረጅም ሰዓት ተጭኖት የቆየው የፊኛ ግድግዳ ሞቶ ተበስቷል። ፊስቱላ። ዛሬ ሐረር ላይ የሐምሊን የፊስቱላ ሕክምና ማዕከል አለ፤ ያኔ አዲስ አበባ መላክ ነበረብኝ። ደብዳቤ ጽፌ፣ የመሳፈሪያ ሰጥቼ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ልጅ ሳለሁ የባቡሩን ፉጨት እወድ ነበር፤ አባቴ ከጅቡቲ ቴምር ይዞልኝ የሚመጣው በእሱ ነው። ከዚያ ጠዋት በኋላ ግን መስማት ጠላሁ።

«ዘመኑ ነው» ብለው ያጽናኑኝ አሉ። እውነት ነው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር፤ ሴት ልጅንም በ15 ዓመቷ መዳር ይፈቅድ ነበር። ይህን የለወጠልን የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። የቀለሙን ክዳን የዘጋው ግን የእኔ እጅ ነው።

በዛሬ ወጣት ሐኪሞች አንድ ነገር ያናድደኛል። አሥራ ሰባቱን የዘላቂ ልማት ግቦች በቃላችሁ ትወጣላችሁ። በፈረንጆቹ 2030 የእናቶች ሞት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ከ70 በታች መውረድ እንዳለበት ታውቃላችሁ። ከቀፊራ ገበያ የመጣች እናት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ስታናግራችሁ ግን አስተርጓሚ ፍለጋ ትዞራላችሁ። ቋንቋ ተማሩ። ግን እኔስ? ቋንቋውን አውቅ ነበር፤ ለዚያች ልጅ ምን ጠቀማት?

ስለዚህ ልጄ፣ ሂጂ። ጉባኤ ዛሬም አልወድም፤ ወረቀት ይበዛበታል፣ ፎቶ ይበዛበታል። ነገር ግን ያን ሬዲዮ ያጠፋሁት እኔ ነኝና አትሂጂ የማለት አፍ የለኝም። ከመሄድሽ በፊት ግን በምትሠሪበት ክፍል መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ቆመሽ ተመልከቺ። ቅጹን ብቻ አይደለም የምልሽ። ቅጹ ከተለወጠ በኋላም «ባልሽ ያውቃል?» ስንል የኖርን ብዙ ነን።

ንግግርሽ ውስጥ ያችን አውራ ጣት ብታስገቢልኝ ደስ ይለኛል። የመጣችበትን መንደር ግን አትጥሪ። ታሪኳን እንድናገር ፈቃዷን አልጠየቅኋትም።