ብድሩን አይቀበሉ፣ ሥራዎንም አይልቀቁ

ውድ ጠያቂዬ፣

በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ውስጥ እንደሚሠሩ፣ በሥራ ቦታዎ እሳት በተነሳ ጊዜ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው መጥፋቱ የአደጋ ጊዜ ሥራ አመራርን ለመማር እንዳነሳሳዎት ጽፈውልኛል። ታላቅ ወንድምዎ ተበድሮ የሁለተኛ ዲግሪ ክፍያዎን ሊሸፍን እንደተዘጋጀ፣ ሥራዎን ለቀው ሙሉ ጊዜዎን ለትምህርቱ እንዲሰጡም እየወተወተዎት እንደሆነ ገልጸዋል። የእኔ ምክር ብድሩን እንዳይቀበሉ፣ ሥራዎንም እንዳይለቁ ነው።

ወንድምዎ ያሰበልዎት ለበጎ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በብድር ሊገዛልዎት የተነሳው ሙያውን ሳይሆን ማዕረጉን ነው። ዕዳ ተሸክሞ የሚመረቅ ሰው ያገኘውን ሥራ ሁሉ ለመያዝ ይገደዳል፤ በዚህ መስክ ደግሞ ዕቅድ አዘጋጅቶ፣ ሰዎችን አስተባብሮና ልምምድ መርቶ የማያውቅ ባለ ዲግሪ ብዙ ርቀት አይሄድም። እኔ ራሴ ወደዚህ ሙያ የገባሁት ከመጋዘን ሠራተኛነት ተነስቼ ስለሆነ፣ የንብረት ክፍልን የሚያህል መነሻ አለ ብዬ አላምንም። የትኛው ዕቃ የት እንዳለ፣ የትኛው በር በማን ቁልፍ እንደሚከፈት፣ ተቀጣጣይ ነገር የት እንደተከማቸ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ሙያው አራት ምዕራፎች አሉት፤ እነሱም ስጋትን መቀነስ፣ ዝግጁነት፣ ምላሽና መልሶ ማቋቋም ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያየው ምላሹን ነው፤ ምላሹ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን ከእሱ በፊት ባሉት በሁለቱ ምዕራፎች በተሠራው ወይም ሳይሠራ በቀረው ሥራ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎን አስፈቅደው የጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ፣ ማለትም አደጋ ቢደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ ተቀምጦ በመነጋገር የሚፈተሽበትን ልምምድ ያዘጋጁ። ከየክፍሉ አንዳንድ ሰው ሰብስበው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ጭስ ታየ» በሉና የጥበቃ ሠራተኛው መጀመሪያ ለማን እንደሚደውል ይጠይቁ። ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እዚያው እያስደወሉ ይፈትሹ፤ አንዱ የማይሠራ፣ ሌላው ሥራ የለቀቀ ሰው ስልክ ሆኖ ቢገኝ አይደነቁ። ቀጥሎ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ሠራተኛው ወጥቶ የሚሰበሰብበት ቦታ በመኪና የሚዘጋ እንዳይሆን፣ ደረጃ መውረድ የማይችል ባልደረባን ማን እንደሚያግዝ ያንሱ። የታየውን ክፍተት በሙሉ ጽፈው፣ ለእያንዳንዱ ኃላፊነት የሚወስድ ሰውና የመጨረሻ ቀን ይመድቡለት፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ልምምዱን ይድገሙት።

በማኅበረሰብ ደረጃም የሚሠራው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። ከሁለት ዓመት በኋላ በተቋቋመው የአውሎ ነፋስ ዝግጁነት ፕሮግራም የመንደር በጎ ፈቃደኞች ባንዲራና የድምፅ ማጉያ ይዘው ማስጠንቀቂያውን ለጎረቤቶቻቸው ማድረስ ጀመሩ፤ መጠለያዎችም ቀስ በቀስ ተሠሩ። ለውጡ ወዲያው አልመጣም፤ በ1991ም ከ130 ሺህ በላይ ሕዝብ አልቋል። በ2007 ግን ሲድር የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የገደለው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ነበር። ይህም ቢሆን ከባድ ኀዘን ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን ማስጠንቀቂያ ሲሰማ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብና በየዓመቱ ሳይሰለቹ የሚለማመዱ ጎረቤቶች መኖራቸው ነው።

ለንድፈ ሐሳቡ የአሜሪካው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አመራር ኤጀንሲ፣ ፌማ፣ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው የመግቢያ ትምህርቶች ያለ ክፍያ የሚወሰዱ ናቸው። በተለይ የአደጋ ዕዝ ሥርዓትን፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ ማን ማንን እንደሚመራ የሚወስነውን አሠራር፣ የሚመለከተውን ያስቀድሙ። ሥርዓቱ የተወጠነው እ.ኤ.አ. በ1970 የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት ጊዜ ለእርዳታ የመጡ ብዙ መሥሪያ ቤቶች በቃልም በዕዝም መግባባት አቅቷቸው ስለነበር ነው፤ አንድ ኃላፊ ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ብቻ፣ ቢቻል አምስት ሰው እንዲመራ የሚለው ደንቡ ለእርስዎ ድርጅትም ይሠራል።

ዕድሜዎ ሠላሳዎቹን መሻገሩ አያሳስብዎት። የሕክምና ዕውቀት ስለሌለኝ እቸገራለሁ ላሉትም፣ ለጀማሪ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና በቂ ነው።

አንድ ዙር ዕቅድ፣ ልምምድና ማሻሻያ ካጠናቀቁ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪው የሚያስፈልግዎት መስሎ ከታየዎት፣ ከሥራ ጋር ጎን ለጎን የሚሰጥ ፕሮግራም ይፈልጉ፤ ያን ጊዜ ምን መማር እንደጎደለዎት ያውቃሉ። ወንድምዎ ዛሬውኑ ልርዳ ካለ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናውን ክፍያ ይሸፍንልዎት።