መልስ፦ ሀይሉክሱ ከፍ ከተደረገ በኋላ የመጣው «ቋ ቋ» እና ሲጥሲጥታ

ወንድሜ፣ ሀይሉክስ ፒክአፕህን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካስደረግኸው ወዲህ ከፊት «ቋ»፣ ከኋላ «ሲጥ ሲጥ» ይላል ካልክ ሁለቱን ለየብቻ ያዛቸው።

የኋላው ብዙ ጊዜ የባሌስትራው (ከኋላ ክብደቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ጎሚኒ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ማለት ነው። መካኒኩ መኪናው በክሪክ እንደተሰቀለ የጎሚኒውን ቡሎን ጥርቅም አድርጎ አስሮት ከሆነ፣ ጎማው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል። ይጮኻል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ቡሎኑን አላላው፤ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ አርፎበት እንደገና ይጠበቅ። ግሪስ ቀባው የሚልህን አትስማ፣ ጎሚኒውን ይበላዋል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖችም 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ደግመህ አስጠብቅ።

የፊቱ ላይ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ መቼ እንደሚመታ ነው። መስኮት ከፍተህ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ቀስ ብለህ እለፍ። ጎማው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ «ቋ» ካለ፣ አሞርዛተሩ (የጎማውን ንዝረት የሚያበርደው) አጥሮ እስከ መጨረሻው እየተዘረጋ ነው። ያኔ ያው ቁመት ያለው አዲስ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ወይ ረጅሙን ግዛ፣ ወይ ከፍታውን ቀንስ። ሲወጣም ሲወርድም ከሆነ የስታቢላይዘሩን (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ብረት) ሊንክ በሁለቱም በኩል ፈትተህ ሰፈር ውስጥ ብቻ ቀስ ብለህ ሞክረው። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ሊንኩ ነው፣ አገኘኸው።

ጅማ ውስጥ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ላይ ቆመህ ስትነሳ ብቻ ከኋላ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ባሌስትራውን ተወውና መስቀለኛውን (ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) አስፈትሽ፤ ከፍታው የዘንጉን አንግል ይቀይረዋል። ቡና ጭነህ ስትነዳ ድምፁ ይጠፋል? እሱን ጻፍልን።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ካላሠራህ ግን ወደ ቦንጋ እንዳትወጣ።