መልስ፦ ማንኮራፋትና የደም ግፊት ምን አገናኛቸው?

እህቴ፣ ባለቤትሽ ሲያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ይልና እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይባንናል፣ ግፊቱም በሦስት መድኃኒት አልወርድ ብሏል ብለሻል። ሁለቱ ሊያያዙ ይችላሉ። ጸጥ ሲል ጉሮሮው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ትንፋሹ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፣ ግፊቱም ሽቅብ ይላል። ይሄ በሰዓት 30 ጊዜ ከደረሰ ከባድ ይባላል። እስቲ አስቢው፣ ልቡ ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ያድራል! ቆይቶ የልብ ምት መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ዛሬ ማታ አተነፋፈሱን በስልክሽ ቅጂና ለሐኪሙ አሰሚው። የእንቅልፍ ምርመራ ጠይቁ። መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ፣ አደራ።