ዲግሪዬን ይዤ ወደ አባቴ ጎመንዘር ልመለስ?

በእጽዋት ሳይንስ ከተመረቅክ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ስትመላለስ ጫማህ አለቀ። አባትህ አርሲ ላይ በግማሽ ሄክታር ጎመንዘር ይዘራሉ። «ገብቼ ላግዛቸው ወይስ ሥራ ልጠብቅ?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

ግባ። ግን ለማገዝ ብቻ አይሁን። አንዱን ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታሩን፣ ለብቻህ ለምናቸው። ሌላውን እሳቸው እንደለመዱት ይዝሩት። ጎን ለጎን ሲታይ ነው ነገሩ የሚለየው።

በአንተ ጥማድ ላይ መስመር አውጣ። የጎመንዘር ፍሬ ደቃቅ ነው፤ በእጅ ሲበተን አንዱ ጋ ይጨናነቃል፣ ሌላው ጋ ባዶ ይቀራል። በመስመሮቹ መሃል 30 ሳንቲ ሜትር ተው። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ አንጠባጥብ። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር አታልብሰው። ለሄክታር 10 ኪሎ ያህል ይበቃል፣ ለአንተ 2 ኪሎ ተኩል። እንደ የሎ ዶዶላና ሆለታ 1 ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ስላሉ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ። ውሃ የሚቋጥር ቦታ አይሆንም። አረሙን በጊዜ ንቀል። ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ከታየ ሳይበዛ ድረስበት፤ መድኃኒት የግድ ከሆነ ግን አበባው ላይ ንብ በሌለበት ሰዓት፣ ወደ ማታ ይረጭ።

አሁን ወደ ሒሳብ ደብተሩ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ምርት ጨመረ ማለት ትርፍ ጨመረ ማለት አይደለም። በመስመር መዝራት ጉልበት ይበላል። ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የራስህን የሥራ ቀን ሳይቀር በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ጻፍ። ለእናትህ ምጣድ ማሰሻ የቀረችውን እፍኝ ፍሬም መዝግባት፤ እሷም ምርት ናት። የማዳበሪያ ዕዳ ካላጣደፈህ ሁሉም በሚሸጥበት ሳምንት አትሽጥ።

ቃለ መጠይቅ ፈታኝ ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። «በመስመር መዝራት ምርት ያሳድጋል» የሚል ተመራቂ ሞልቷል። «ይህን ያህል አወጣሁ፣ ይህን ያህል አገኘሁ፣ እዚህ ጋ ተሳሳትኩ» የሚል ግን ብርቅ ነው። ዘር አባዢም ሆነ የገበሬ ዩኒየን የሚፈልገው እሱን ነው። ከስረህ እንኳ ምክንያቱን ካወቅክ ደብተሩን ይዘህ ሂድ።

ማመልከቻ መላክህን አታቁም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ግን አባትህን አናግር፣ ማታ ቡና ላይ። «ዘመናዊ አሠራር ላሳይዎ» እንዳትል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «አባባ፣ አንድ ጥማድ ይስጡኝ፤ ከከሰረ በእኔ» በላቸው።