ስለ እህትሽ ለጠየቅሽው፦ አማካሪውን አጥርተሽ ምረጪ

የኔ እህት፣ «የ26 ዓመት እህቴ ሳትደውልልኝ ጫማ እንኳ አትገዛም፤ ስንፍና ነው ወይስ በሽታ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቱሉ ዲምቱ አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ልክ እንደሷ ነበር።

1. ስንፍና አይደለም። ወንድሜ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ የራሱን ፈረቃ ጨርሶ የሌላውንም ይሸፍን ነበር። እምቢ ካለ የሚጠሉት ይመስለዋል። ብቻውን ማደር ያስፈራዋል። ፍቅረኛው ስትለየው ወዲያው ሌላ ያዘ። የጥገኝነት የስብዕና መታወክ የሚሉት ይሄን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ 8 ምልክቶች ይዘረዝራል፤ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው። ታላቅን ማማከር ወጋችን ነው፣ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። ለይቶ የሚነግርሽ ግን ባለሙያ ነው።

2. ባለሙያ ስትመርጪ ተጠንቀቂ። አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሰው ፊት «አእምሮውን ነው የሚያመው?» ብላ ጮኸች። እሱስ ይለፍ። አማካሪው ግን ሥራው ማዘዝ ብቻ ነበር፦ በዚህ ሰዓት ተነሣ፣ ከእገሌ ራቅ፣ ሥራህን ልቀቅ። ወንድሜ ለሁሉም «እሺ»። ሰውየው «ጎበዝ ታካሚ ነው» ይለኛል። እሺ ማለቱ አይደለም እንዴ ሕመሙ! እኔን መጠየቁን ትቶ ምሳ ምን እንደሚበላ ሳይቀር እሱን በስልክ ይጠይቅ ጀመር። ሥራውንም በሰውየው ቃል ለቀቀ። ብራችንን ከፍለን አዛዥ ቀየርን። እስካሁን ያበግነኛል።

ሁለተኛዋ ባለሙያ ሌላ ሰው ናት። ሲጠይቃት «አንተስ ምን ታስባለህ?» ብላ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ላይ በጣም ይጨነቅ ነበር። ቆይቶ አንድ ቀን «በዚህ እንኳን አልስማማም» አላት። እሷም እኔም ደስታችንን አልቻልነውም። ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና የንግግር ነው። ድብርት ወይም ጭንቀት ካለበት ግን ለእሱ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። አሁን ወንድሜ ሌላ ሥራ ይዟል። መቀጠሩን የሰማሁት ከፈረመ በኋላ ነው!

«አባርሪያት፣ ትልመድ» የሚሉሽ ካሉ ደግሞ አትስሚያቸው። እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲገፋ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ላይ ይጠመጠማል፤ ያ ሰው ክፉ ከሆነስ? ቀስ በቀስ ይሁን። ለክሊኒክ አቅም ካጠራችሁ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ። ቀጠሮውን ግን ራሷ ትያዝ። ሐኪሙ ሲጠይቃት ዘወር ብላ ብታይሽም አትመልሺላት።